የመስኮቱ ዳር አልጋ

መስከረም 20

ለእታለም፣ ለታላቄ፣ አባዬ በሕይወት ሳለ «ብረቷ» እያለ ይጠራሽ ለነበርሽው፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እማዬንም አንቺንም ጤና አይንሳብኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስልኩን ዘጋሽብኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ ነበርኩ የዘጋሁብሽ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንደምታውቂው እዚህ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ደም ውስጥ ነጭ ሴሎችን እየለየሁ እውላለሁ። ከበሽታ የሚጠብቁን እነሱ ናቸው። እንደ እኔ ባለው ሰው ላይ ግን ይሳሳታሉ፤ የራስን መገጣጠሚያ፣ የራስን ቆዳ እንደ ጠላት ያጠቃሉ። ለምን እንደሚሳሳቱ ለማወቅ አዲስ ጥናት ጀምረናል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት እህቶች ይፈለጋሉ፤ አንዷ የታመመች፣ አንዷ ጤነኛ። የታመመችዋ እኔ ነኝ። ጤነኛዋ አንቺ ነሽ፤ በጥናቱ ቋንቋ «ማነጻጸሪያ» ትባያለሽ።

እዚያ እናንተ ከተማ የሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ላቦራቶሪ ከእኛ ጋር አብሮ ይሠራል። ከአንቺ የሚፈለገው ትንሽ ደም ብቻ ነው። እነሱ አዘጋጅተው ይልኩልናል።

እምቢ እንደማትዪኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 9

ለወፌ፣ ለአባቴ ወፍ፤

ሰላምታሽ ደርሷል። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷም ደህና ነው፤ ጠዋት ማታ የማሸው እኔ ነኝና የጉልበቷን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ እንዴት እንደሆንኩ የጠየቅሽበትን ቦታ ደብዳቤውን ገልብጬ ሳይቀር ፈለግኩት። «እማዬንም አንቺንም» የሚል አገኘሁ። እኔ «ም» ነኝ ማለት ነው። ይሁን።

ጤነኛዋ! ማነጻጸሪያ! አሁን ደግሞ ስሜ ይሄ ሆነ? ጨርቅ ቤት ገብተሽ የምትፈልጊውን ጨርቅ ለማየት ሌላ ጨርቅ አጠገቡ ታስደርጊያለሽ፣ ከዚያ የምትፈልጊውን ገዝተሽ ትወጫለሽ። ያ ሌላው ጨርቅ ነኛ እኔ። ድሮም እኮ እንዲሁ ነበር። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ወፌ እንዴት አደረች?» ይላል። እኔ በሩን የከፈትኩለት እዚያው ቆሜ። «ይቺስ?» የሚል ከተገኘ አባዬ «እሷማ ብረት ናት» ይላል፤ አለቀ። ብረትን ማን እንዴት አደርሽ ይላል?

ያ የመስኮቱ ዳር አልጋ የኔ ነበር። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት። መገጣጠሚያሽ ሲያብጥ፣ ፊትሽ ላይ ያ ቀይ ነገር ሲወጣ፣ ሐኪሙም «ሉፐስ» የሚባለውን ስም ሲነግረን፣ አልጋው ያንቺ ሆነ። እኔ በሩ ሥር ፍራሽ ተነጠፈልኝ። ሰው በገባ ቁጥር በሩ ጭንቅላቴን ይለኛል። ማንም ይቅርታ አይለኝም፣ ለምን ቢባል ሁሉም የሚገባው አንቺን ሊያይ ነው። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ አንቺ ጋ ነው፤ መዳፉን ግንባርሽ ላይ። እኔ እኮ ግንባሬን በሳሙና አጥቤ ነበር የምጠብቀው። ምናልባት ሲያልፍ እንኳ ይነካኛል ብዬ።

ከዚያ አጎታችን መጣ፣ «እኔ ያለሁበት አገር ሕክምና አለ» አለ፣ ይዞሽ ሄደ። በሽታሽ አውሮፕላን አሳፈረሽ፣ በሽታሽ ትምህርት ቤት አስገባሽ፣ በሽታሽ ነጭ ጋወን አለበሰሽ። የኔ ጤና የት አደረሰኝ? ፎቶ ኮፒ ቤት።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስልሽ ግን እንዳትንቂኝ። ሱቄ የሕክምና ኮሌጁ በር ላይ እንደሆነ ረስተሻል። «የሰውነት መከላከያ» የሚለውን ጥራዝ በየዓመቱ የማባዛው እኔ ነኝ። ማሽኑ እስኪሞቅ አነባለሁ። ያልገባኝን ተማሪዎቹን እጠይቃለሁ፤ ግማሹ አያውቀውም፣ ግማሹ የሚያውቅ ይመስለዋል። ስለዚህ «ነጭ ሴሎች ከበሽታ ይጠብቁናል» እያልሽ እንደ ሕፃን አታውሪኝ። የሚጠብቁ አሉ፣ የሚበሉ አሉ፣ የሚያስታውሱ አሉ። የሚያስታውሱትን ነው እኔ የምወደው። አንዴ የነካቸውን ዕድሜ ልክ አይረሱም ይላል። ልክ እንደኔ።

ደሜን አልሰጥም። አልጋዬን ወስደሻል፣ አባቴን ወስደሻል፣ አሁን ደግሞ ደሜን?

ምናልባት እሺ ካልኩ ግን፣ ካልኩ ነው ያልኩሽ፣ መጀመሪያ ያንን ማነጻጸሪያ የሚባለውን ስም አጥፊልኝ። ውጤቱም መጀመሪያ ለኔ ይነገር። ለእማዬ በስልክ ተንሾካሹከሽ እኔ ከጎረቤት እንደምሰማው እንዳይሆን።

እማዬ «ሳሚልኝ» ብላለች። ስሜሻለሁ በይ።

ብረቷ


ጥቅምት 28

ለእታለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ላንቺ ብቻ። «ም» የለበትም፤ አይተሽ አረጋግጪ።

«ማነጻጸሪያ» የሚለውን ሰርዤ «እህት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። «እህቴን አታውቃትም» አልኩት። ውጤቱም መጀመሪያ ላንቺ ይነገራል።

ጥራዙን ማንበብሽን አልናቅኩም። እዚያ ላይ የሌለ ነገር ልንገርሽና ለተማሪዎችሽ አውሪላቸው። የራሳቸውን ሰውነት ሊያጠቁ የሚችሉ ሴሎች ጤነኛ ሰው ውስጥም አሉ። አንቺም ውስጥ ይኖራሉ። ነገር ግን ሌሎች ሴሎች ደግሞ አሉ፤ «ተዉ፣ ይሄ የራሳችን ቤት ነው» ብለው መሃል የሚገቡ። ላቦራቶሪው ረጅም ስም አውጥቶላቸዋል። እኔ በልቤ ገላጋዮች እላቸዋለሁ። የኔ ገላጋዮች ወይ ደክመዋል፣ ወይ የሚሰማቸው አጥተዋል። ያንቺዎቹ ምን ብለው እንደሚገላግሉ ነው ማየት የምፈልገው።

ደም ስትሰጪ አንድ ነገር አደራ። ምንም ነገር አታድርጊ። መድኃኒት የለም፣ ዝግጅት የለም። እንደ ሁልጊዜው ሆነሽ ሄደሽ ክንድሽን ዘርጊ።

አይጦቻችንም እንደዚሁ ናቸው፤ ሳይረበሹ ነው የሚታዩት። አሁን ስለ አይጦቹ እጽፍልሻለሁ ብዬ ነበር፣ በእነሱም ትቀኛለሽ ብዬ ተውኩት።

ታናሽሽ


ኅዳር 21

ለወፌ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ከነአይጦችሽ።

በአይጥ አልቀናም እንዳልልሽ ትናንት የተማሪ ወረቀት ሳባዛ አነበብኩ። አይጥ መገጣጠሚያው ያብጥበታል፣ መርፌ ይወጉታል፣ ይድናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መጽሔት ላይ ይወጣል! እኔ ወገቤ ሲያመኝ «ማሽኑ ላይ አትጎንበሺ» ነው የምባለው።

ደሙን ሰጥቻለሁ። እሺ ብዬሽ አይደለም፤ ነገሩን በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው። ያቺን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ሲስተሯ ክንዴን ስታየው «ኧረ ይሄ ደም ሥር አይደለም፣ ቧንቧ ነው!» አለች። ሌላዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለት ሰው ቆሞ ክንዴን ሲያደንቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መርፌው ሲገባ ፊቴን አላዞርኩም። ደሜ ደግሞ እንዴት ያለ ቀይ መሰለሽ! አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ባዶ እጄን አልሄድኩም። ተዘጋጅቼበታለሁ። እንዴት እንደሆነ ሲደርስሽ ታዪዋለሽ። አለቃሽንም ጥሪውና የብረቷን ወታደሮች ይይ።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ከእማዬ ጋር የምታወሩት ምንድን ነው? ስልክሽ ሲመጣ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። ይሄ እኮ ያመማት ጉልበት ነው፤ ለኔ ሲሆን ከወንበር አይነሳም። በሩን ትዘጋለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። «ምን አለችሽ?» ስላት «ሰላም አለችሽ» ትለኛለች። ሰላም የሚባለው ሰው ያለቅሳል እንዴ?

ድሮም ምስጢር የናንተ ነበር። እኔ ቤት ጠባቂ።

ብረቷ


ታኅሣሥ 12

ለእታለም፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ።

ደምሽ ደረሰ። አልሆነም።

ሴሎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ተነቃንቀዋል። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል የሰማ ሰፈር ይመስላሉ፤ ግማሹ ዱላ ይዞ፣ ግማሹ ጫማ ሳያደርግ ወጥቷል። ገላጋዮቹንም ከግርግሩ መለየት አልቻልንም። ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። አለቃዬ «እህትሽ ታማ ነበር?» አለኝ። «እሷ አትታመምም» አልኩት፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ይሄ ነው። ይቅርታ፣ የአባዬን ቃል ደገምኩት።

ምን አደረግሽ? እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። መልሰሽም ስጪልኝ። ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ቶሎ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 19

ለወፌ፤

ሰላምታውን በሌላ ቀን። ዛሬ ንዴቱ ቀድሟል።

ክትባት ተወጋሁ። ይኸው፣ ወንጀሌ ይሄ ነው። የጉንፋኑንም የቴታነሱንም በአንድ ቀን፣ ግራና ቀኝ። ጥራዙ ላይ «ክትባት የመከላከያ ሴሎችን ያነቃል፣ ያሠለጥናል» ይላል። አይልም በይኝ! ሰው ሠርግ ሲጠራ ፀጉሩን አይሠራም? እኔም ደሜን ፀጉር አሠራሁት። ካንቺ ደም ጎን ሲቆም የሠለጠነ፣ ሰልፉን ያሳመረ እንዲሆን ነው። አንቺማ «ምንም አታድርጊ» ብለሻል። ለምን እንደሆነ አትነግሪኝም ነበር? ለኔ ሲሆን ሁልጊዜ «ምንም አታድርጊ» ነው። «አትንኪያት»፣ «አትጩሂ ተኝታለች»፣ «ምንም አታድርጊ፣ እዚያ ቁጭ በይ»። እኔ ደግሞ ለአንዴ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ አደረግኩ።

ሲስተሯ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ስድስት ሳምንት ጠብቂና ነዪ» አለችኝ። እጠብቃለሁ።

አሁን ግን የኔ ተራ ነው። ጥናት ነው ብለሻል አይደል? እዚህ ኮሌጅ በር ላይ ስቀመጥ ስንት ጥናት አይቻለሁ። የጥናት ሰው ተጣድፎ አያውቅም! የመመረቂያ ወረቀቱን ሊያስጠርዝ የገባ ልጅ ጢም አብቅሎ ነው የሚመለሰው። አንቺ ግን «ቶሎ» አልሽ። ቀጥለሽ «በጣም ቶሎ» አልሽ። እማዬ ደግሞ ትናንት ጓዳ ገብታ ከወጣች በኋላ የአባዬን ፎቶግራፍ አውርዳ ስትወለውል አየኋት። አቧራ እኮ የለበትም፤ ጠዋት ወልውዬዋለሁ።

የምትፈልጊው ምንድን ነው? ፊት ለፊት ንገሪኝ። ማነጻጸሪያ አልሽኝ፣ እህት አልሽኝ፣ ቀጥሎ ምን ልትዪኝ ነው?

ብረቷ


ጥር 10

ለእታለም፤

እሺ። ፊት ለፊት ጠይቀሽኛልና።

በሽታው ኩላሊቴን ነክቶታል። ባለፈው ዓመት ነው የጀመረው። እግሬ ያብጣል። የለመድኳቸው መድኃኒቶች አልሠራ አሉ። ሥራዬ ላይ ግን አሁንም አለሁ፤ የሰው ደም እየለየሁ፣ የራሴን ደግሞ ሌላ ሰው እየለየልኝ።

አዲስ የሚሞከር ሕክምና አለ። ከታማሚው ነጭ ሴሎች የተወሰኑትን ከደሙ ያወጣሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሠለጥኗቸዋል፣ የተሳሳቱትን ለይተው እንዲያጠፉ አድርገው ይመልሷቸዋል። የኔን ሞከሩ። በብልቃጥ ውስጥ አልባዛ አሉ፤ ስንት ዓመት መድኃኒት ሲደቁሳቸው ኖሯል። ሐኪሜ «በደም የምትገጥምሽ ጤነኛ እህት ካለች ከሷ እንወስዳለን» አለኝ። ጥናቱ እውነት ነው፣ አልዋሸሁሽም። ግን አንቺን የፈለግኩሽ ለጥናቱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ደምሽን ማየት ነበረብን፤ ከገጠመ አንቺን ራስሽን ልጠይቅሽ ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት፣ ምክንያቱም እማዬ ስነግራት ታለቅሳለች እንጂ አትከራከረኝም። ላንቺ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከነገርኩሽ እንደገና የታመመችዋ እሆናለሁ። እንደገና አልጋሽን የወሰድኩብሽ እሆናለሁ። አንቺ ፊት ቆሜ «ስጪኝ» የማልልበት አንድ ነገር በሕይወቴ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር። አልሆነም።

ይኸው ልጠይቅሽ። ስጪኝ።

ወፌ


የካቲት 4

ለወፌ፤

እግርሽ እንዴት ነው? ትራስ ከሥሩ አድርጊበት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ይህን ያህል የዘገየሁት ስድስቱ ሳምንት እስኪሞላ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ልቆጣሽ ብዕር አነሳለሁ፣ ታመሻል። ልሰድብሽ እነሳለሁ፣ ታመሻል። ዕድሜዬን በሙሉ እኮ እንዲሁ ነው የምታሸንፊኝ! እኔ ነገሬን ሰብስቤ አፌን ስከፍት አንቺ ትተኛለሽ። ከተኛ ሰው ጋር ማን ይጣላል?

እማዬን አፋጠጥኳት። «ታውቂ ነበር?» አልኳት። «አውቅ ነበር» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አንቺ ጩኸትሽ ያስፈራኛል» አለችኝ። የኔ ጩኸት! በሽታው አላስፈራትም፣ የኔ ጩኸት ነው ያስፈራት። በእኔና በአንቺ መሃል ያለችው ገላጋይ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም በጓዳ በኩል ነው የምትገላግለው።

አሁን ስሚ። ትናንት ደሙን ሰጠሁ። ምንም አላደረግኩም። ክትባት የለም፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለም። የሱቅ ካፖርቴን፣ ክንዱ ላይ ቀለም የነካውን ለብሼ ሄድኩ። ሲስተሯ «ዛሬስ?» አለችኝ። «ዛሬ እንደ ሁልጊዜው ነኝ» አልኳት።

እውነቱን ልንገርሽና ከፈለግሽ ሳቂብኝ። ያንቺን ወሬ ካነበብኩ በኋላ አለቀስኩ፤ እሺ፣ እህት ናት፣ ይለቀሳል። ለቅሶው ሲያልቅ ግን ውስጤ የሆነ ነገር ሞቀኝ። ያለኔ የማይሆን ነገር ተገኘ። ያለ ብረቷ! ሐኪምሽ፣ አለቃሽ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ፣ ሁሉም ቆሞ የኔን ክንድ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ደስታ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሞቀኝ፤ ምን ላድርገው?

ከገጠመ እመጣለሁ። ሴሎቼን ይውሰዱ፣ ይባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ሆስፒታል ሁለታችንም ጎን ለጎን ስንተኛ፣ የመስኮቱ ዳር አልጋ የኔ ነው። አትከራከሪኝ። ለሐኪሙም አስቀድመሽ ንገሪልኝ።

ብረቷ


መጋቢት 11

ለእታለም፣ መጀመሪያ ላንቺ፤ ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።

ደምሽ ሲደርስ ሌላ ሰው እንዲሠራው አልፈቀድኩም። እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት።

ይገጥማል። አንድ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ይመስል ይገጥማል። አለቃዬን ጠራሁት፣ አቀፈኝ።

ከዚያ የቀረውን ምርመራ ሠራን። እታለም፣ አንቺም ውስጥ አለ። የኔ በሽታ ምልክት፣ በራስ ሰውነት ላይ የሚነሳው፣ ያንቺም ደም ውስጥ አለ። ክትባቱ እንዳይሆን ደጋግሜ አየሁት። አይደለም። ምናልባት ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ ኖሯል። አንቺ ግን አልታመምሽም። አትደንግጪ፤ ሐኪሜ ምናልባትም በዕድሜሽ ሙሉ ላትታመሚ ትችያለሽ ይላል። እንደዚያ የሆነበት ምክንያት ገላጋዮችሽ ናቸው። እንዲህ ያሉ ብርቱ አይተን አናውቅም። አለቃዬ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። የገባ የወጣውን ሁሉ «ይቺን ሴት እዩልኝ» ይላል።

ለኔ ግን አይሆንም። ምልክቱ ካለበት ሰው ሴል ወስደው አይሰጡኝም። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

አሁን አንድ ነገር ልጽፍልሽ ነው፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ቀናሁብሽ። እስከ አጥንቴ ቀናሁብሽ። አንድ እሳት ሁለታችንም ውስጥ ተለኮሰ፤ የኔን ቤት አቃጠለ፣ ያንቺ ቤት ላይ ድስት ተጣደበት። ለምን? ምን በልጠሽኝ? ደግሞ ይሄ ቅናት አዲስ አይደለም። የመስኮቱን አልጋ ፀሐይ ይገባበታል ትያለሽ። አዎ፣ ይገባበታል። ከዚያ አልጋ የሚታየው ደግሞ ግቢው ነው። አንቺ ግቢው ውስጥ ገመድ ትዘያለሽ። በየቀኑ። እኔ ትራስ ተደግፌ እቆጥራለሁ። መቶ ትደርሺና ገና ትቀጥያለሽ፣ እግርሽ መሬት የሚነካ አይመስልም። አባዬ ግንባሬን ሲነካኝ እኔ የማስበው ጉልበትሽን ነበር። እግዜርን «ያ እጅ ይቅርብኝና ያን ጉልበት ስጠኝ» እለው ነበር።

አንቺ አልጋውን ፈለግሽ፣ እኔ ገመዱን።

በሚያዝያ መጨረሻ የራሴን ሴሎች፣ የተረፈውን ሰብስበው እንደገና ይሞክራሉ። ይሆናል አይሆንም የሚለኝ ሰው የለም። አለቃዬ ለጥናቱ እንድትመጪ ይጋብዝሻል፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኮልሻል። ባትመጪም ይገባኛል። እንደተባባልነው አይደለም፤ ከኔ ጎን አይደለሽም የምትተኚው።

ወፌ


መጋቢት 25

ለወፌ፤

እንደምነሽ? ይሄንን ሁሌ የምጽፈው ለወግ ነበር። ዛሬ ግን እየጠየቅኩሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አነበብኩት፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ተማሪ ተሰልፎ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አንዱ ልጅ «እትዬ፣ ባዶ ወረቀት ነው እኮ የሚያወጣው» ሲለኝ ነው የነቃሁት። አጥፍቼ፣ ሁሉንም አስወጥቼ ዘጋሁ።

ቀጥታ ሲስተሯ ጋ ሄድኩ። «ተሳስታችኋል፣ ክትባቱ ነው» አልኳት። «ክትባቱ ካለፈ ቆየ» አለችኝ። ክርክር ጀመርኩ። ጥራዙ እንዲህ ይላል፣ ምዕራፉ እንዲያ ይላል፣ ላቦራቶሪ ይሳሳታል፣ ማሽን ይሳሳታል፣ የኔ ማሽን እንኳ በቀን ስንቴ ይሳሳታል። ስጮህ ኮሪደሩ ሙሉ ቆመ። እሷ እስክጨርስ ሰማችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንደኔ ያለ ሰው ሲጮህ «ዝም በይ» ካልተባለና ወንበር ከተሳበለት ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እንግዲህ እይልኝ። ልጅ ሆኜ እንድታመም ስንቴ ጸለይኩ። ይኸው ምልክቱ አለብሽ ተባልኩ! ደስ ይለኝ ነበር እኮ። ሥዕሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ቆሞ «ይቺን ሴት እዩልኝ» ይላል። ይሄን ነበር የምፈልገው፣ ቃል በቃል ይሄንን። ሲመጣ ደግሞ ያንቺን ተስፋ በልቶ መጣ። ለአንዴ ብፈለግ፣ ለአንዴ! እሱንም የገዛ ደሜ ቀማኝ። አሁን ማን ላይ ልቅና?

ስለ ገላጋዮቼ የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። አዎ፣ ነገርኳት፤ ጓዳ ሳይሆን ሳሎን፣ በሩን ከፍቼ። መጀመሪያ አለቀሰች። «ብርቱ ገላጋይ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን በእንባዋ መሃል «እሷ? እሷ ውስጥ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አላቆም ብሎ ውሃ ሰጠኋት።

የገመዱን ነገር ልንገርሽ። ግቢው ሰፊ ነበር። ከጀርባ በኩል ጥላ ያለው፣ መሬቱ ልስልስ ያለ ቦታ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ መስኮቱ ፊት ለፊት ነበር የምዘለው፣ ፀሐዩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ። ለምን ይመስልሻል? እንድታዪኝ ነዋ! እንድትቀኚ! ድፍን ልጅነቴን ዘልዬ ዘልዬ አንዴ እንኳ ቅናት ፊትሽ ላይ አላየሁም። ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ፣ እኔ እየተናደድኩ እቀጥላለሁ። መቶ የደረስኩት በንዴት ነው። ትቆጥሪ ነበር ለካ! አሁን ስትነግሪኝ እንኳን ቀናሽ አልኩ። ድካሜ ሜዳ ላይ አልቀረም።

እመጣለሁ። የአለቃሽን ወረቀት ፈርሜያለሁ። እማዬ ጉልበቷን የምታሽላት የጎረቤት ልጅ አገኘች፤ ከኔ ይልቅ እጇ ለስላሳ ነው እያለች ከወዲሁ ታስቀናኛለች። አለቃሽ ደሜን ይውሰድ፣ ገላጋዮቼ ምን እንደሚሉ ይስማ። አንድ ቀን ላንቺ ቢጤ ይጠቅም ይሆናል። ያንቺን ግን እኔ ነኝ የምጠብቀው። የተረፉት ሴሎችሽ ብልቃጥ ውስጥ ሲቀመጡ ደጅ ላይ ወንበር ይሰጡኝ። ካልባዙ እጮህባቸዋለሁ።

የመስኮቱ አልጋ የኔ ነው ያልኩትን ትቻለሁ። አንቺ ተኚበት። ሐኪሙን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ መስኮቱ ወደ ግቢ ነው ወይስ ወደ ግድግዳ? ወደ ግድግዳ ከሆነ ክፍል ይቀይሩልሽ። ጥበቃውንም አስቀድመሽ አናግሪው፤ ያበደች ሴት ገባች ብሎ እንዳያባርረኝ።

ገመድ ይዣለሁ። የድሮው የት እንደገባ እንጃ፤ ይሄ የወረቀት ካርቶን የምናስርበት ነው፣ ግን ርዝመቱ ልኬ ነው። ትናንት ሱቁን ዘግቼ ሞከርኩት። ሆዴ ቀድሞኝ ይዘላል፣ ጉልበቴ ይንኳኳል፣ ሰባተኛው ዝላይ ላይ ማሽኑን ረገጥኩት። አንቺ ጋ ስደርስ ከዚያ በላይ እደርሳለሁ። ትራስሽን ከፍ አድርጊና ቁጠሪ። ሳቂብኝ፣ ግን ቅናቱን እንዳትተዪ። ጥርስሽን ነክሰሽ ቅኚ። «የሚቀና ሰው አይሞትም» ይላል አንዱ ጥራዝ።

አይልም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ብረቷ